ከዊንዶውስ ወደ ማክ፣ በላምበረት በኩል

ሰው ሁሉ በሕይወቱ «አውቃለሁ» ብሎ ደረቱን የሚነፋበት ዘመን አለው። የኔ ዘመን አምስት ዓመት ቆየ። በነዚያ አምስት ዓመታት ሩዋንዳ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት የሕትመትና የማስታወቂያ ቢሮ ተቀምጬ፣ ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒውተር የሰርግ ካርድ፣ የምግብ ቤት ሜኑና የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ስጽፍ ኖርኩ። ያኔ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ከሐኪም እኩል ነበር የሚከበረው። የሰፈሬ ሰው ቴሌቪዥኑ ሲበላሽበት እኔን ያስጠራል። እኔም «ይሄ የኔ ሙያ አይደለም» ማለት ሲገባኝ ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። ጎኑን አንድ ሁለቴ እመታዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝናዬ ጨመረ።

ዊንዶውስን ከባሌ ይልቅ እረዳዋለሁ ብል ማጋነን አይደለም። ባሌ ሲያኮርፍ ምክንያቱን ለማወቅ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ዊንዶውስ ሲያኮርፍ ግን አጥፍቶ ማብራት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሬ የለም። በቦታው አንድ ክሬም ቀለም ያለው፣ ፊቱ ላይ ምንም ቁልፍ የሌለው ነገር ተቀምጧል። የቢሮው ባለቤት አቶ ተክላይ አጠገቡ ቆመው ልጅ እንደተወለደለት ሰው ይስቃሉ። አቶ ተክላይ ከትግራይ መጥተው አዲስ አበባ ላይ ንግድ የቀናቸው፣ ሥራ ወዳድ ሰው ናቸው። አንድ ጠባይ ብቻ አላቸው፤ የገዙትን ዕቃ «ተሳስቼ ነው» ብለው አያውቁም። ቢሮውን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ማክ የሚባል ኮምፒውተር መግዛታቸውን፣ ሕትመት የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሱ እንደሚሠራ ነገሩኝ። አሮጌውንማ ላምበረት ላለ አንድ የጽሕፈት ቤት ሰጥቼዋለሁ አሉኝ። «አሮጌው» ሲሉ ወደኔ ያዩ መሰለኝ።

«ማክ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ አምስት ዓመት ሙሉ «አውቃለሁ» ሲል የኖረ አፍ በአንድ ጠዋት አይመለስም።

የመጀመሪያው ፈተና ማብራት ነበር። ማብሪያውን ከፊት ፈለግኩ፣ የለም። ከጎን፣ ከኋላ፣ የለም። ገመዱን ተከትዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። አቶ ተክላይም በወዲያኛው በኩል ገቡ። ከሥር ግንባር ለግንባር ተጋጭተን «ላይ ይሆናል» ተባብለን ወጣን። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስንዳብሰው ከቆየን በኋላ፣ ምናልባት ለመሞቅ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል ብለው አቶ ተክላይ ወደ ቢሯቸው ገቡ። የጽዳት ሠራተኛችን እማማ አስካለ ግን አቧራ ሊጠርጉ ኪቦርዱን በጨርቅ አሸት አሸት ሲያደርጉት፣ ማሽኑ እንደ ደወል «ዷንን» አለና በራ። ስክሪኑ ላይ ፈገግ ያለች ትንሽ ፊት ብቅ አለች። እማማ አስካለ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ምንም እንዳልነኩ በማርያም ማሉ። ለካስ ማብሪያው ከኪቦርዱ ቁልፎች አንዱ ኖሯል። የትኛው እንደሆነ እኔም አላየሁ፣ እሳቸውም አላወቁ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑን የሚያበሩት እማማ አስካለ ሆኑ፤ ጨርቃቸውን ይዘው ይመጡና ሁሉንም ያሹታል።

ቀጥሎ ማውሱ መጣ። አምስት ዓመት የያዝኩት ማውስ ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፍ ነበረው። ይሄኛው አንድ ብቻ ነው ያለው። ገለባበጥኩት፤ የወለቀ ነገር አይታይም። ማውሱ ጎደሎ መሆኑን ለአቶ ተክላይ ነገርኳቸው። እሳቸው በዕቃ መታለል አይወዱምና ወዲያው ፈረንጁ ዘንድ ደውለው የቀኙን ቁልፍ አስቀርተህብኛል አሉት። ሰውየው ምን እንደመለሰላቸው አልሰማሁም። ስልኩን ሲዘጉ ግን ጆሯቸው ቀልቷል። ለካስ የማክ ማውስ ሲፈጠርም ባለ አንድ ቁልፍ እንደሆነ፣ ሁለት የሚያስፈልገው ለሚያመነታ ሰው እንደሆነ ነግሯቸው ኖሯል።

መስኮት መዝጊያው ደግሞ በግራ ነው። እጄ አምስት ዓመት የለመደውን ቀኝ ይዞ ይሮጣል። ቤት ቀይሮ፣ አምሽቶ በድሮው በር ሊገባ እንደሚታገል ሰው ሆንኩ። መስኮቱን ብዘጋውም ፕሮግራሙ አይሄድም። ቻው ተባብሎ ከተሳሳመ በኋላ በር ላይ ቆሞ ሌላ አንድ ሰዓት እንደሚያወራ እንግዳ፣ ከኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ለማንም አልተነፈስኩም። አቶ ተክላይ ባለፉ ቁጥር ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ የጠለቀ ሥራ ላይ ያለሁ እመስላለሁ።

እንዲህ እያለ ሐሙስ ደረሰ፤ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሐጂ ይማም መጡ።

ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። ላምበረት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲናገሩ ቃል የሚመርጡ አዛውንት ናቸው። ልጃቸው ሐያት ልታገባ ነው፤ የመጥሪያ ካርዱን የምንሠራው እኛ ነን። ጽሑፉን ከሁለት ሳምንት በፊት በደጉ ጊዜ፣ በዊንዶውሴ ጽፌ ፍሎፒ ዲስክ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያን ቀን የቀረው ማተም ብቻ ነበር። ደሴና ወረባቦ ላለው ዘመድ የሚሄደው ካርድ እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ላምበረት ለሚያድረው የደሴ አውቶቡስ ሾፌር መሰጠት አለበት። አውቶቡሱ ንጋት ላይ ይነሣል። ያ ካመለጠ ካርዱ ከሰርጉ በኋላ ደርሶ ሰውን ለማስቀየም ብቻ ነው የሚጠቅመው።

የዚህን ካርድ ነገር ላስረዳችሁ። ጭንቁ የሙሽሮቹ ስም አልነበረም። ከወላጆቹ ስም በታች አብረው የሚጠሩ አሥራ አንድ የቤተሰብ ሽማግሌዎች ስም አለ። የሐጂ ታላቅ ወንድም ሼህ ሙሄ በዕድሜ ይቀድማሉ። የሐጂ ሚስት ወንድም አቶ እንድሪስ ደግሞ ሐያትን ደሴ ወስደው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት ናቸው። የማን ስም ይቅደም? በዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ሽማግሌ ተቀመጠ። በመጨረሻ እንድሪስ አንደኛ ይሁኑ፤ ሙሄ ሁለተኛ ይሁኑ፣ የሳቸው ስም ብቻ ግን በደማቅ ፊደል ይጻፍ ተብሎ ተስማሙ። የቀሩት ዘጠኙም ተራቸውን ያገኙት በየራሳቸው ክርክር ነው። ይህ ሁሉ ስምምነት የተጻፈባትን አንዲት ወረቀት ሐጂ አምጥተው ሰጥተውኛል። እኔ ደግሞ ጽፌ ስጨርስ ቀድጄ ጣልኳት። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር ወረቀት ምን ያደርግለታል ብዬ ነው። እንዲያውም ለሐጂ «ከእንግዲህ የትም አይጠፋም» ብዬ አጽናንቻቸዋለሁ።

ሐጂ ከኋላዬ ወንበር ይዘው ሻያቸውን ፉት እያሉ ተቀመጡ። ፍሎፒውን ለማክ ሰጠሁት። ማክ ፍሎፒ ሲቀበል ከእጅ ላይ ነጥቆ ነው የሚውጠው። ዋጠና በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አወጣ። ይህን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም፣ ኢኒሻላይዝ ላድርገው ወይ ይላል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በኛ ቢሮ ቋንቋ «ኢኒሻል አድርግበት» ማለት አጭር ፊርማህን አኑርበት ማለት ነው። አቶ ተክላይ በየደብዳቤው ጥግ የሚጭሯት እሷን ነው። ዲስኩ ከሌላ ቤት የመጣ ስለሆነ ማሽኑ «አይቼዋለሁ» ብሎ ሊፈርምበት ፈለገ አልኩ። ሥርዓት ያለው ማሽን ነው ብዬም በልቤ አደነቅኩት። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ሁለተኛ ጥያቄ አመጣ። ይሄኛው ረዘም ያለ ስለነበር አላነበብኩትም፤ እሱንም እሺ አልኩት። ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ አጉረመረመና የዲስክ ሥዕል አወጣልኝ። ስከፍተው ውስጡ እንደታጠበ ሳህን ባዶ ነው።

አልደነገጥኩም። የዊንዶውስን ነገር ማክ ማሳየት አይወድ ይሆናል ብዬ፣ ፍሎፒውን አውጥቼ ሌላ ቤት ልወስደው አሰብኩ። ማውጫው የለም። በድሮው ኮምፒውተሬ ቁልፏን ጫን ስታደርጓት ፍሎፒው ብቅ ይል ነበር። በጥፍሬ ሞከርኩ። የቅንድብ መንቀያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሞከርኩ። ሐጂ ከኋላ ሆነው «ምን ነክቶት ነው?» ሲሉኝ ትንሽ እንደተጣበቀ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ቦሌ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ በማክ የምትሠራ ጓደኛዬ ትዕግሥት ዘንድ ደወልኩ።

የዲስኩን ሥዕል ጎትተሽ ስክሪኑ ጥግ ባለው የቆሻሻ መጣያ ሥዕል ላይ ጣይው አለችኝ። እኔ የምፈልገው ማውጣት እንጂ መጣል አይደለም አልኳት። ማውጣት ማለት መጣል ነው አለችኝ። የሐጂ ልጅ ሰርግ ያለበት ነው፣ እንዴት ቆሻሻ ውስጥ እጥለዋለሁ አልኳት። ይሄን ስል ሐጂ ሻያቸውን አስቀመጡ። ዓይኔን ጨፍኜ ጎትቼ ጣልኩት። ማሽኑ ፍሎፒውን ምላሱን እንደሚያወጣ ልጅ ወደ ውጭ ዘረጋልኝ።

ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ትዕግሥት መጀመሪያ ምን አድርጌ እንደነበር እስክትጠይቀኝ ድረስ ብቻ ቆየ። ኢኒሻል እንዳደረገበት ነገርኳት።

«እህቴ፣» አለችኝ፣ «ኢኒሻላይዝ ማለት እኮ ዲስኩን ልጥረገው ማለት ነው። ሁለቴ ጠይቆሽ ሁለቴ እሺ ብለሻል።»

አቶ ተክላይ በዚያው ቅጽበት ገቡና ካርዱ የት እንደደረሰ ጠየቁ። እንደ ሰው «አጠፋሁ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ማሽኑ አጠፋው» አልኩ።

አቶ ተክላይ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሐጂ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቷስ ብለው ጠየቁኝ፤ ወረቀቷም የለችም አልኳቸው። በጣታቸው ስም መቁጠር ጀመሩ። እንድሪስ፣ ሙሄ፣ ቀጥሎ እገሌ፣ ቀጥሎ እገሌ አሉና አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አጠፉ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከሳትኩ ሰርጉ ቀርቶ ሽምግልናው ነው የሚቀጥለው አሉ።

መፍትሔው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ጽሑፉ በአሮጌው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥም አለ፤ የላምበረቱ ሰው ካልደመሰሰው። ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። በአቶ ተክላይ መኪና ሦስታችንም ተሳፈርን። ከሩዋንዳ በመገናኛ አድርገን ላምበረት እስክንደርስ አቶ ተክላይ ፈረንጁን ሲራገሙ፣ ሐጂ ደግሞ የዘንድሮው ዝናብ ለወሎ ገበሬ ደግ መሆኑን ሲነግሩኝ ሄድን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ውሸቴን ጉልበቴ ላይ ታቅፌያለሁ። በየመስቀለኛው መንገድ «አሁን እነግራቸዋለሁ» እላለሁ፤ መኪናው ይታጠፋል፣ እኔ ዝም።

የጽሕፈት ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ሮማን የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። ኮምፒውተሬን ዳንቴል አልብሳዋለች። ዳንቴሉን ሳነሣው ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር። ተቀመጥኩ። ማብሪያውን ከኪቦርዱ ላይ ስፈልግ ወይዘሮ ሮማን እጇን ዘርግታ ከፊት ለፊቱ አበራችልኝ። መስኮት ልዘጋ ስል እጄ ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ መለስኩት፣ እንደገና ወደ ግራ ሄደ። ማብሪያውን ከኪቦርዱ ላይ ስፈልግ ወይዘሮ ሮማን እጇን ዘርግታ ከፊት ለፊቱ አበራችልኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከማኩም ሳልሆን ከዊንዶውሱም ሳልሆን ቀርቻለሁ። ወይዘሮ ሮማን ጥቂት ካየችኝ በኋላ፣ በጣም በትሕትና፣ ለጀማሪዎች ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንደምትሰጥ ነገረችኝ። አቶ ተክላይ ሰምተው እንዳልሰሙ ወደ መንገዱ ዞሩ።

ጽሑፉ ግን እንዳለ አለ። አሥራ አንዱም ስም በተራቸው ተደርድረዋል። በወረቀት አተምኩትና ለሐጂ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ እስክንመለስም እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።

ቢሮ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ካርድ የሚያትመው ማሽን ያለው እኛ ቢሮ ስለሆነ፣ ማክ ደግሞ የዊንዶውስን ፍሎፒ ስለማያነብ፣ ሁሉንም በማክ እንደገና መጻፍ ግድ ነበር። አቶ ተክላይ እያነበቡልኝ መጻፍ ጀመርኩ። የማክ የአማርኛ ፊደል አቀማመጥም ሌላ ሆኖ አገኘሁት። «ሰ» ስለው «ሸ» ይመጣል፤ እንድሪስን ሦስቴ ነው የጻፍኳቸው። የሆነ ሆኖ ስም በስም እየለቀምኩ አሥረኛው ላይ ደረስኩ። ያኔ ስክሪኑ ቀጥ አለ። መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ጥቁር ቦምብ፣ ክሯ እየተቀጣጠለ፣ ብቅ አለች። ከጎኗ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቃል።

ማክ ሲሳነው እንዲህ ያለ ሥዕል እንደሚያወጣ ዛሬ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን የሻይ ብርጭቆ ሊያነሡ የገቡት እማማ አስካለ ከትከሻዬ በላይ አዩት። አልጮሁም። ብርጭቆውን ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡና ወጡ። ለጥበቃው ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ጥቂት ቆይቶ ፊሽካ ተነፋ። ሕንፃው በሙሉ ወደ ሩዋንዳ መንገድ ፈሰሰ። ከሥራችን ካለው ፀጉር ቤት የወጡት ሴቶች ቢጎዲን እንደተጠቀለሉ፣ አንዷም ግማሽ ፀጉሯ ቀለም እንደተቀባ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሐጂ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ ወረቀቷን ግን ይዘው ወጥተዋል።

ቦምቡ ሥዕል መሆኑን ለጥበቃው ሳስረዳ፣ አቶ ተክላይ ቱግ ብለው ይህን ማሽን ነገ ጠዋት ለሰውየው እመልሰዋለሁ አሉ። መጀመሪያ ካርዱን ደመሰሰ፣ አሁን ደግሞ ሰው በተነ፤ ሌባ ነው የሸጠልኝ አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ተሳስቼ ነው የገዛሁት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

ካርዱን ማሽኑ አላጠፋውም አልኳቸው። ላጥፋው ወይ ብሎ ሁለቴ ጠይቆኛል፣ እኔ ነኝ ሁለቴ እሺ ያልኩት። ወረቀቷንም የቀደድኩት እኔ ነኝ። ማክም የሚባል ነገር ከሰኞ በፊት አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ቢጎዲን በጠቀለሉ ሴቶች ፊት ተናገርኩ። ሐጂ ናቸው ቀድመው የተናገሩት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከኋላሽ አይደል የተቀመጥኩት? እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ አንቺም እንዳላነበብሽ ግን አይቻለሁ።»

ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰው ጥፋቱን ራሱ ተሸክሞ ሲያመጣው ይቀለዋል፣ ብቻ ላምበረት ድረስ ትሸከሚዋለሽ ብዬ አላሰብኩም አሉኝ። አቶ ተክላይ ያን ጊዜ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ መቆጣት አልሆነላቸውም። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ወደ ላይ ወጡ።

እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፤ አሁን እያንዳንዱን ስም በጻፍኩ ቁጥር አስቀምጥ እያልኩት። አቶ ተክላይ ያነባሉ፣ ሐጂ ይሰማሉ፣ እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ስክሪኑን ይጠብቃሉ። ካርዱን አተምን። አቶ ተክላይ በገዛ እጃቸው እየቆረጡ፣ እኔ ፖስታ ውስጥ እየከተትኩ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሐጂ ጥቅሉን ይዘው ወደ ላምበረት ሄዱ። ሾፌሩን መኪናውን ሲያጥብ አገኙት አሉ።

ሰርጉ ላይ ከባሌ ጋር ተጠርቼ ሄድኩ። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የታረደበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስንበላ፣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ እንግዳ እየተቀበሉ መጡና አጠገቤ ቆሙ። ሼህ ሙሄ ነበሩ። ካርዱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ ብለው ካርዳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ደማቅ ፊደል የተፈቀደው ለሳቸው ብቻ እንደነበር አስታወሱኝና፣ ከሳቸው በታች ያሉት ዘጠኙ ሁሉ ለምን እንደደመቁ ጠየቁኝ። ካርዱን አየሁት። ሼህ ሙሄ ላይ ስደርስ ደማቁን አብርቼ፣ ማጥፋቱን ረስቼዋለሁ። መልስ ሳልሰጥ ሌላ ሽማግሌ ደረሱ፤ አቶ እንድሪስ ናቸው። እሳቸውም ካርድ ይዘዋል።

«አንደኛ ነህ ተብዬ ነበር» አሉ። «ከአሥራ አንዳችን የኔ ብቻ ለምን ከሳ?»

ቀና ብዬ ሐጂ ይማምን ፈለግኳቸው። በድንኳኑ በር ቆመው ያዩኛል። ሦስት ሳምንት የፈጀው ሽምግልና እዚያው ሰሐኔ ላይ ሊፈርስ ነው። ሐጂ ራሳቸውን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ በእሺታ ነቀነቁልኝ።

«ማሽኑ ነው፣ አባቶቼ» አልኳቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሼህ ሙሄ እኔም ሰው እንዲህ አያደርግም ብያለሁ አሉ። አቶ እንድሪስ ማሽን ታላቅና ታናሽ የት ያውቃል አሉ። ሼህ ሙሄም ትክክል ነህ አሏቸው፤ ያን ቃል ከአፋቸው ያወጡት ነገሩ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብለው ሐጂ በኋላ ነግረውኛል። ከዚያ አንዳቸው የሌላውን ክንድ ይዘው፣ ማክን እየረገሙ፣ ጎን ለጎን ወደ ሙሽሮቹ ሄዱ።